ጳጉሜን የማይቆጥረው እትም

ከፋለ የኩልመስክ ልጅ ነው። የክረምቱን ዝናብ የሚደምር ሶፍትዌር በመሥራቱ ላሊበላ ውስጥ ስሙን የማያውቅ የግብርና ባለሙያ የለም። ይህ ሰው ነው እንግዲህ፣ የአሥራ ሦስት ወር አገር ልጅ፣ ጳጉሜን ከድምሩ የረሳት! አምና ስህተቱን ሲያገኘው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ለማንም ሳይተነፍስ አረመና አዲሱን በአሮጌው ቦታ ተካው። የእትም ቁጥር አልሰጠው፣ አሮጌውን አላስቀመጠው። ማን ያውቅብኛል ብሎ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጀውሀራ ቢሮው መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን በዚያው ሶፍትዌር የሠራች ተማሪ ናት።

«ጋሼ፣ ፈታኞቼ በእርስዎ ሶፍትዌር ደግመው ቢያሰሉት የኔ ቁጥር አልወጣም። ፈጥረሽ ነው የጻፍሽው አሉኝ። እስከ ሰኞ ካላስረዳሁ ምርቃት የለም።»

ከፋለ ወዲያው ገባው፤ እሷ የሠራችው በአሮጌው፣ ፈታኞቹ ያሰሉት በአዲሱ ነው። አፉን ሊከፍት ሲል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የምስጋና ወረቀቱ ታየውና፣ «ስታስገቢ ተሳስተሽ እንዳይሆን» አላት።

«ይሆናል ጋሼ። አላህ ይስጥዎ» ብላ ሄደች።

በማግስቱ ተመለሰች። የአሥር ዓመቱን የዝናብ መዝገብ ከመጀመሪያው እንደገና አስገብታዋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ወላሂ ጋሼ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አጣሁት። አስቸገርኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ ሆነች! ከፋለ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«አሮጌው ሶፍትዌር አለሽ?»

አሮጌው ያለበትን ፍላሽ ሰጠችው። የምርምር ሶፍትዌር የሚቀመጥበት የኢንተርኔት ማኅደር አለ፤ እዚያ ላይ ጫነው። ማኅደሩ ለእያንዳንዱ እትም የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ጀውሀራ ያንን ቁጥር በጽሑፏ ብትጠቅስ ፈታኞቹ ያንኑ እትም አውርደው የእሷኑ ድምር ያገኛሉ። ሥራዋ መታረሙ ባይቀርም ውሸታም አይሏትም። አንዴ የገባ ግን አይሰረዝም። መግለጫው ላይ እንዲህ ጻፈ፦ «እትም አንድ። ጳጉሜን አይቆጥርም። ስህተቱ የሠሪው የከፋለ ነው። አምና አግኝቶት በዝምታ አርሞታል።» ላከው።

ጀውሀራ ከኋላው ቆማ አነበበች። መጀመሪያ ፊቷ ፈካ። ቀጥሎ «አምና» የሚለው ላይ ስትደርስ ወደ እሱ ዞረች።

«ትናንት ስመጣ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ገለበጠች፣ ፍላሿን ነቀለች።

«ደህና ይዋሉ፣ አቶ ከፋለ» ብላ ወጣች።