የእመት ወርቅነሽ የወንፈል ተራ

ለመሥሪያ ቤቱ የመሥሪያ ቤቱን፣ ለቤቱም የቤቱን ድርሻ የሚሰጥ ሰው በሁለቱም ዘንድ ይከበራል። ወገኑን ነፍጎ ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ የሚተጋ ግን የተመካበት ትጋት ራሱ ይከስሰዋል። የመምህር ማሩ ታሪክ ይህን ያስረዳል።

ማሩ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። ፈረቃው የጠዋት ነው። ደወል ሳይደወል ከክፍሉ ደጃፍ ይገኛል፤ የተማሪዎቹን ደብተር አርሞ ሳይጨርስም ወደ ቤቱ አይሄድም። ቀትር ሲሆን ግን ጋዋኑን ሰቅሎ በጉና ግርጌ ወዳለው መንደሩ ያመራል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሚስቱ የስመኝ፣ የልጆቹና የመንደሩ ነው። መከር ሲደርስ ከወንፈሉ አባላት ጋር ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ገብስ በተራ ያጭዳል።

ርእሰ መምህሩ ካሳሁንም የዚያው መንደር ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ በወንፈሉ የእርሳቸው ቦታ ለእርሱ ተላልፎ ነበር። እርሱ ግን ከቢሮው አይነቃነቅም፤ ማጨድ ሲገባው በፈንታው የቀን ሠራተኛ ይልካል። የወንፈል ዕዳ የሚከፈለው በገዛ እጅ መሆኑን ዘንግቷል። ቅጥረኛ ያጭዳል እንጂ አይዛመድም።

“ለመሆኑ አንተ መምህር ነህ ገበሬ?” ይለው ነበር ማሩን በመምህራን ፊት። “ገለባ ከጠጉርህ ሳይራገፍ ሒሳብ ታስተምራለህ!”

“ከጠጉሬ ላይ ቢሆን ምን ገደደ፣ ጌታዬ፤ ከራሴ ውስጥ አይግባ እንጂ” ይላል ማሩ፤ መምህራኑም በሳቅ ያወካሉ።

በአንድ ኅዳር፣ የዕለቱ አጨዳ ሲያበቃ፣ የወንፈሉ ሰዎች አጉረመረሙ። በማግሥቱ ተራው የካሳሁን እናት የእመት ወርቅነሽ ነበር።

“ልጃቸው የማናችንን ማሳ ረገጠ? እኛም ቅጥረኛ እንላክላቸዋ!” አለ አንዱ።

“እርሱ ያላጨደውን እኔ በየማሳችሁ አጭጄ እከፍላለሁ” አለ ማሩ። “የእመት ወርቅነሽ ገብስ ግን በሜዳ አይቅር።”

የወንፈሉ ሽማግሌ አለቃ ገብረ ማርያም አተኩረው አዩት። “ከሥራህ ቀርተህ እንዳይሆን ብቻ። የመንግሥት እንጀራ እየበሉ መቅረት ነውር ነው።”

“አስተምሬ ነው የምመጣ፣ አባቴ።” የወንፈሉ ሰዎችም እንመጣለን ብለው ቃል ገቡ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ ማሩ ክፍለ ጊዜውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል፣ ካሳሁን መምህራኑን ድንገት ለስብሰባ ጠራ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ የሚመረጠው በዚያ ስብሰባ ነው። ሹመቱ ለማሩ እንደሚገባ የማያውቅ አልነበረም።

ማሩ ተነሥቶ ቆመ። “ዛሬ እኮ የእናትዎ ተራ ነው።”

“ሰው ቀጥሬላቸዋለሁ። ተቀመጥ።”

“ሰማዩን አይተውታል?”

ካሳሁን ወደ መስኮቱ ዞር እንኳ አላለም። “ከዚህ በር ከወጣህ ሹመቱን እርሳው።”

“ረስቼዋለሁ” አለ ማሩ፤ ወጣ።

ማሳው ላይ ሲደርስ ቅጥረኛው የጠቆረውን ዳመና አይቶ ሄዷል። የወንፈሉ ሰዎች ግን በቃላቸው ተገኝተው ነበር። ማሩ እጅጌውን ሰብስቦ ከመካከላቸው ገባ፤ ስመኝም ከኋላው እየተከተለች ነዶ አሰረች። ማንም ቀና አላለም። የመጨረሻው ነዶ ከክምሩ ላይ ወጥቶ ክምሩ በሣር እንደ ተከደነ በረዶው ወረደ፤ ባዶውን ማሳም ነጭ አለበሰው።

“ካሳሁንስ?” አሉ እመት ወርቅነሽ።

“ስብሰባ ላይ ናቸው።”

“በረዶው ሳይመታው ይግባልኝ” አሉ እናት።

ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ማሩ በማግሥቱም እንደ ልማዱ ደወል ሳይደወል ከክፍሉ ደጃፍ ተገኘ፤ ጠጉሩ ላይ ገለባ ነበረበት። እንዲህ ያለ ሰው ሹመት ቢቀርበት ሹመቱ ይጎድላል እንጂ ሰውየው አይጎድልም።

በታኅሣሥ የእመት ወርቅነሽ ገብስ ተወቃ። በአገሩ ልማድ የአውድማውን ምርት መጀመሪያ በላይዳ አንሥቶ ለነፋስ የሚሰጠው የቤቱ ልጅ ነው። ካሳሁን በትምህርት ቤቱ መኪና መጣ፤ በተወለወለ ጫማው ወደ አውድማው ገብቶ ለላይዳው እጁን ዘረጋ።

“ላይዳው ላጨደ ነው” አሉ አለቃ ገብረ ማርያም፤ ለማሩም ሰጡት።

ካሳሁን ፊቱ ቀላ። “እናቴ፣ ኧረ ይናገሩልኝ!”

“ምን ብዬ፣ ልጄ? የቀጠርኸው ይናገርልህ” አሉ እመት ወርቅነሽ፤ ነጠላቸውንም ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ተቀምጠው ፈረዱ። ካሳሁን በሚመጣው መከር በወንፈሉ አባላት ማሳ ሁሉ እየዞረ በገዛ እጁ እንዲያጭድ፣ ይህን እስኪፈጽምም የእናቱን አውድማ እንዳይረግጥ፣ ከምርቱም እንዳይቀምስ አዘዙ። በዚያ ዓመት የእናቱን ገብስ ሳይቀምስ ቀረ። በተከታዩ ኅዳር መዳፉ ውኃ እየቋጠረ፣ የሚያሾፍበትን ሁሉ እየሰማ፣ በየማሳው አጨደ።