ከክፍል አንድ በፊት የሚነበብ

ጋሽ ጀቤሳ ፍላሹን ከነፖስታው መለሱልኝ። ፖስታው አልተከፈተም።

«አልቀበልም አለች» አሉኝ ከመሪው ሳይነሱ። «‹ለላከችው ይመልሱላት› ነው ያለችኝ። ተጣላችሁ እንዴ?»

«አይ፣ አልተጣላንም።»

«እንግዲያስ ምን ሆና ነው? ስትቀበለኝ እኮ በሩጫ ነበር።»

አመስግኜ ፖስታውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጋሽ ጀቤሳ ከአዳማ ባቱ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳሉ። ላለፉት አራት ወራት በየአሥራ አምስት ቀኑ ለሃኒ ፍላሽ የምልከው በእሳቸው ነበር። ሃኒ ስልክ ካላነሳችልኝ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ኔትወርክ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆይቻለሁ።

ሃኒና እኔ አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን ማየት የጀመርነው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለን፣ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆነን ነው። ላፕቶፑ በመካከላችን ይቀመጣል፤ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ እንሰካለን። የዶርሙ ልጆች «እናንተ፣ ከካርቱን መቼ ነው የምትመረቁት?» ይሉናል። ሃኒ ትመልስላቸዋለች፤ እኔ ዝም እላለሁ። የእኔ ድርሻ አዲስ ተከታታይ መፈለግ ነበር። በሥዕሉ ውበት አልታለልም። ሰው ሁሉ ያወራለትንም ቶሎ አላምነውም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ብቻዬን አያለሁ። ሦስተኛው ሲያልቅ አራተኛውን ሳላስበው ከከፈትኩት፣ ለሃኒ ይሆናል ማለት ነው። ከተመረቅን በኋላ እሷ ወደ ቤተሰቦቿ ባቱ ተመለሰች፤ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ሥራ ያዘች። እኔ ወለንጪቲ በሚገኝ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ መረጃ እመዘግባለሁ፤ ጠዋት ከአዳማ ወጥቼ ማታ እመለሳለሁ።

የሃኒ እናት በታኅሣሥ ሞቱ። ለቀብር ሄጄ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ የሚለው ነበረው፤ እኔ ግን አጠገቧ ከመቀመጥ በቀር አንዲት ቃል አልወጣኝም። ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ነጠላ ለብሶ ነበር። አዳማ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ተከታታይ ጭኜ ላክሁላት፤ ተራራ ሥር ፍል ውኃ መታጠቢያ ቤት ስለምታስተዳድር ልጅ ነው፤ አሮጊቶቹ ውኃው ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተው ሰው ያማሉ፣ ልክ ሶደሬ። ከፊልሙ ጋር አንድ ጽሑፍ ጨመርኩ። ስሙን «ከክፍል አንድ በፊት የሚነበብ» አልኩት። በአፌ ያልወጣውን ሁሉ የጻፍኩት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ከምልከው ተከታታይ ሁሉ ጋር ጽሑፉ እየረዘመ ሄደ።

ፖስታው በተመለሰ በማግስቱ ጠዋት ወለንጪቲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አንዷ ስልኳን እያየች ለሌላዋ ታነብላታለች።

«ስሚ፣ ስሚ። ‹ሃኒዬ፣ አራተኛው ክፍል ላይ አያትየው ይሞታሉ። ከደቂቃ አሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሰባት ዝለዪው። እኔ አይቼልሻለሁ።›»

«ሃኒ ማናት?»

«እናቷ የሞቱባት የባቱ ልጅ ናት። ሐዘን ላይ ስለሆነች ተደብቃ ነው የምታየው። አበባ እርሻ ነው የምትሠራው። ሁሉም ተጽፏል።»

«ወይኔ! ጓደኛዋ ግን ትመቻለች። እኔ እንደዚህ የሚያይልኝ ሰው የለኝም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ መጨረሻውን ቀድመሽ ትነግሪኛለሽ እንጂ! የት አገኘሽው ግን?»

«ደሊል ጋ ስታስጭኚ አብሮ ይመጣል።»

የሰማሁት የራሴን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በራሴ አጣጣል ነው ያነበበችው። ሃኒ ፍላሹን ለምን እንደመለሰችው ያን ጊዜ ገባኝ። ወለንጪቲ እስክንደርስ መስኮቱን እያየሁ ሄድኩ።

ደሊል አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ፊልምና ተከታታይ የሚጭን ሱቅ አለው። ፍላሽሽን ትሰጪዋለሽ፣ የምትፈልጊውን ትነግሪዋለሽ፣ ይጭንልሻል። አንድ ደንብ አለው፤ እሱ ዘንድ የሌለ አዲስ ነገር ያመጣ ሰው አይከፍልም። ያመጣውን ደሊል ለራሱ ይገለብጣል፤ ሰውየው የፈለገውን በነፃ ይጭናል። እኔ በየሳምንቱ አንድ ሆቴል ዋይፋይ ላይ ቁጭ ብዬ የማወርደውን ይዤለት እሄዳለሁ። መናገር ስለማልወድ ዝርዝሬን በወረቀት ጽፌ ከፍላሹ ጋር አቀብለዋለሁ፤ ስሜን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረናል። ደሊል ሲገለብጥ አይመርጥም፤ ያለውን ሁሉ ነው የሚወስደው። ይህን አውቃለሁ። የሃኒን ጽሑፍ ከፍላሹ ላይ ማውጣት ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ደሊል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ኧረ! ትናገሪያለሽ እንዴ?»

«የመታጠቢያ ቤቱ ተከታታይ ውስጥ ያለው ጽሑፍ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ፣ በአንቺ ፍላሽ አይደል የመጣው? ሰው ወዶልሻል። የመረብ ኳሱ ተከታታይ ላይ ያለውን ጽሑፍ ደግሞ ሳትጨርሺው አቆምሽ፤ ይጠይቁኛል፤ ቀሪውን መቼ ነው የምታመጪው?»

«ለአንድ ሰው የጻፍኩት ደብዳቤ ነው።»

እጁ ማውሱ ላይ ቀረ። «ደብዳቤ? ‹ከክፍል አንድ በፊት የሚነበብ› ይላል እኮ! እኔ ለተመልካች መመሪያ ነገር መስሎኝ። ወላሂ፣ ከፍቼ አላነበብኩትም።»

«ባቱ ደርሷል?»

«ባቱ፣ መቂ፣ ሻሸመኔ። እዚያ የሚጭኑት ልጆች በየወሩ ሃርድ ዲስክ ይዘው መጥተው ከእኔ ነው የሚገለብጡት።»

«አጥፋው።»

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፣ ያውልሽ፣ እያየሽ። የወጣው ግን ወጥቷል እህቴ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።»

ቅዳሜ ጠዋት ባቱ ሄድኩ። ከሞጆ እስከ መቂ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ከመቂ እስከ ባቱ ያዘጋጀሁትን ደጋገምኩት። በሩን የከፈቱልኝ የሃኒ አክስት እትዬ ዘርፉ ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ገላኔ ነሽ?» አሉና ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «የጻፍሽውን የጎረቤት ልጅ አነበበልኝ።»

በሩን እንደያዙ ቀጠሉ።

«‹የእናቷ አፈር ሳይደርቅ ካርቱን ታያለች› ተባለ፤ ዕድር ላይ ሳይቀር ተሳሳቁባት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

«ለእኔ አይደለም። ጓሮ ናት፣ ሂጂ።»

ሃኒ አንሶላ እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም።

«ያን ሁሉ ስትደውዪ አይሰለችሽም?»

በመንገድ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «ደሊል ከፍላሹ ላይ ገልብጦት ነው» አልኳት። «እኔ አልሰጠሁትም። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁሉንም እንደሚገለብጥ እያወቅኩ ደብዳቤሽን ሳላወጣ ፍላሹን አቀብለው ነበር። ሰው ያነበዋል ብዬ አላሰብኩም። ይቅርታ።»

«አንዷ ሥራ ቦታ መጥታ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹አንቺ ነሽ ሃኒ? ደቂቃ አሥራ ሁለት ላይ ዘለልሽው ወይስ አየሽው?› ሰው ፊት፣ እየሳቀች። ስንት ሴቶች ቆመው እየሰሙ።»

«አውቃለሁ፣ ያሳፍራል።»

«አታውቂም!» አሁን አየችኝ። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «የእኔ ስም አለበት። የእናቴ ነገር አለበት። ሥራዬ፣ ከተማዬ፣ ማልቀሴ፣ ሁሉም አለበት። አንቺስ የት አለሽ? ‹ጓደኛዋ› ነሽ። ሰው ሁሉ ‹ጓደኛዋ እንዴት ጥሩ ናት› ይላል። እንደ ሁሌው ከኋላዬ ተደብቀሻል።»

ከጽሑፉ ሁሉ ውስጥ ስሜ አንድም ቦታ አልነበረም። ለእሷ ስጽፍ ስሜን መጻፍ አያስፈልግም ነበር ልላት እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ዶርም ውስጥም ሰው ሲቀልድብን መልስ የምትሰጠው እሷ ነበረች።

አንሶላውን ከውኃው ስታወጣ ሌላውን ጫፍ ያዝኩላት። እሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ ጠመዘዝነው። ውኃው እግራችን ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ጨመቅን።

«ደሊል አጠፋው?» አለችኝ ስታሰጣ።

«ከራሱ ላይ አጥፍቷል። የወጣው ግን...»

«የወጣውማ ስሜን ተሸክሞ እየዞረ ነው። በአዲስ ካልተተካ ያው አሮጌው ነው የሚባዛው።» መቆንጠጫውን ገመዱ ላይ ሰካች። «እንደገና ጻፊው። እስከ መጨረሻው ክፍል፣ ሁሉንም። የእኔን ስም አውጪ፣ ባቱን አውጪ፣ አበባውን አውጪ። የራስሽን ስም አስገቢ።»

«የእኔን?»

«ገላኔ ብለሽ፣ ከነአባትሽ። ያን ካላደረግሽ አትምጪ።»

ስሜን በመረጃ ቅጽ ላይ በቀን መቶ ጊዜ እጽፈዋለሁ። እንዲህ ከብዶኝ ግን አያውቅም። «እሺ» አልኳት።

«እሺ ብለሽ ደግሞ እንዳትደበቂ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ። ስለ እናትሽ ያለውንስ ላውጣው?»

ሌላ መቆንጠጫ አነሳች። እናቷ አንድ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሊጠይቋት መጥተው፣ እኛ የምናየውን ከትከሻችን በላይ ትንሽ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ይቺ ልጅ ዓይኗ ፊቷን ሞልቶት፣ ምግቡን በየት በኩል ነው የምትበላው?» ብለው ነበር። እሱንም ጽፌዋለሁ።

«ስለ ዓይኗ ያለችውን ተዪው» አለች ሃኒ። «ሌላውን አውጪ።» ከዚያም በእርጥብ እጇ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። «በየት በኩል ነው የምትበላው» አለች፣ ሳቋ እየቀደማት። እኔም ሳቅኩ።

ቆይታ «ያልተቀበልኩት ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ባቡር ላይ የምትኖር ሰዓት ጠጋኝ ናት።»

«ሰው ይሞትበታል?»

«ስምንተኛው ላይ። ዝለዪው አልልሽም። አብረን እንየው።»

ሳሎን ገብተን ፍላሹን ከቦርሳዬ አወጣሁና ላፕቶፑን ከፈትን፤ ሃኒ እንደ ልማዷ በሩን ልትዘጋ ስትነሳ እትዬ ዘርፉ ደረሱ። «አትዝጊው» አሏት። «ሰው ተደብቀው ነው የሚያዩት ካለ፣ በሩ ተከፍቶ ይይና ይረፈው።» እሳቸውም መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ እያዩ በሩ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሦስተኛው ክፍል ላይ «አሁን ይቺ ሰዓት ጠጋኝ እናት አባት የላትም?» ብለው ጠየቁን። ሃኒ አስረዳቻቸው። ያን ቀን ከአራተኛው አላለፍንም፤ ስምንተኛውን ለሌላ ቅዳሜ አቆየነው።

ጽሑፉን እንደገና ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ለሃኒ የጻፍኩትን ለማላውቀው ሰው ስጽፈው ብዙው ነገር ተለወጠ። የሚዘለሉትን ደቂቃዎች ግን እንዳሉ ተውኳቸው። ማን እንደሞተበት የማላውቀው ሰው ሊኖር ይችላል።

ሱቁ ስደርስ ደሊል ፋይሉን ፊቴ ከፈተው፤ ከዚያ ወዲህ ሳያነብ አይገለብጥም። «‹ጸሐፊዋ፣ ገላኔ ኦሊቃ›» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «ገላኔ ኦሊቃ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ፍላሿ እስኪጫን ባንኮኒው ላይ ተደግፋ የምትጠብቅ ሴት ዞረች። ቀይ ሻርፕ አድርጋለች፤ እጇ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ፣ አስተማሪ ሳትሆን አትቀርም።

«ጽሑፉ የአንቺ ነው? ሜቲ እባላለሁ። አንቺን እኮ ነው የምፈልገው!» አለችኝ። «የመረብ ኳሱን ተከታታይ ‹ከአሥረኛው ክፍል በኋላ ይደክማል› ብለሽ ጽፈሻል። በአንቺ ምክንያት ልተወው ነበር። እንዴት እንዲህ ትያለሽ? ምርጡ ነገር የሚጀምረው እኮ እዚያ ነው!»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አየኝ። እንደ ወትሮው ፈገግ ብዬ፣ ይሁን ብዬ መውጣት እችል ነበር።

«አይጀምርም» አልኳት። «አሥረኛው ላይ አሠልጣኟን ያስወጧታል፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ለምን እንደሚጫወቱ ራሳቸውም አያውቁትም።»

«ጭብጡ እሱ አይደል እንዴ! ለራሳቸው መጫወት ሲጀምሩ!»

«ለራሳቸው ቢጫወቱ እሺ። አሥራ አንደኛው ላይ ግን...»

«እናንተ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሟል» አለ ደሊል። «ወይ ገብታችሁ ተቀመጡ፣ ወይ ወጥታችሁ ተከራከሩ።»

ሜቲ ከባንኮኒው ሥር ሁለት በርጩማ ሳበች። አንዱን ወደ እኔ ገፋችልኝ። ተቀመጥኩና ስለ አሥራ አንደኛው ክፍል ከመጀመሪያው ጀምሬ ማስረዳቱን ተያያዝኩት።