ከግድግዳ የወረደው ቢላዋ

ኦስሞ ቢላዋ ይሰበስባል። እዚህ ፊንላንድ ገጠር ወንድ ሁሉ ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለውን፣ ፑኮ የሚባለውን አጭር ቢላዋ ነው የሚሰበስበው። የሳሎኑ ግድግዳ ሞልቶበት ወደ መኝታ ቤት ከተሻገረ ቆይቷል። የአጋዘን ቀንድ እጀታ ያለው አለ፣ የፈረስ ጭንቅላት የተቀረጸበት አለ፣ ድብ የተገፈፈበት ነው የሚባልም አለ። ታዲያ እንኳን ድብ ሊገፈፍባቸው ሽንኩርት አይከተፍባቸውም። ሚስቱ ሂልካ ዳቦ የምትቆርጠው ሳታገባ በገዛችው ዱልዱም ነው።

"ቤቴ ቢላዋ በቢላዋ ሆኖ ዳቦ በእጄ እቦጭቃለሁ፤ ይሄን ለማን ይነግሩታል?" ትላለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ሳውናው፣ እስኪግል ኦስሞ ቢላዋዎቹን አንድ በአንድ ያወርድና ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለውላቸዋል። መጨረሻ የሚያወርደው አባቱ በገዛ እጁ የቀጠቀጠውን፣ እጀታው ከበርች ዛፍ ቅርፊት የተሠራውን ነው። እሱን ሲወለውል አይናገርም። ሌላ ጊዜም ብዙ አይናገርም፤ የዚያን ጊዜው ዝምታ ግን ለብቻው ነው።

ሂልካ ማክሰኞ ዕለት ጫካ ጥላው የመጣችው እንግዲህ ይህንኑ ቢላዋ ነው።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ለእንጉዳይ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ኦስሞ በማለዳ ሐይቅ ወርዷል። ሂልካ ቅርጫቷን ይዛ፣ ቦቲዋን አጥልቃ፣ ከበሩ ኋላ የምትሰቅላትን ባለቀይ ፕላስቲክ እጀታ ቢላዋዋን ልታነሳ እጇን ብትልክ የለችም። ቤቱን ገለባብጣ አጣቻት።

"ታውኖ ነው" አለች።

ታውኖ ጎረቤታቸው ነው። በቅርቡ መጋዝ ሊዋስ በዚያው በር ገብቶ ወጥቷል። ደግሞም ሚስጥር ቦታዋ ላይ እየቀደመ ቢጫ እንጉዳይ የሚቆርጥባት ሌባ መኖሩን ካወቀች ስንት ዓመቷ። ሌባው ታውኖ ነው ብላ ስለቆረጠች ሰላምታ ከነሳችው ቆይታለች። እንጉዳይ ግን ሰው አይጠብቅም። ግድግዳውን ቀና ብላ አየች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ሳትሰማ ቀርታ አይደለም። ግን ከዚያ ሁሉ ቢላዋ እጇ ላይ ልክ የሆነላት የአማቷ ብቻ ነበር። "ቢላዋ አይደል እንዴ፣ ለመቁረጥ ነው የተሠራው" ብላ አወረደችው።

ስትመለስ ቅርጫቱ ሙሉ፣ አፎቱ ባዶ። ደግነቱ የፑኮ አፎት ጥልቅ ነው፤ ስለቱን ብቻ ሳይሆን እጀታውንም ስለሚውጥ ባዶነቱ ከሩቅ አይታወቅም። ባዶውን አፎት ቦታው ላይ ሰቀለችና እስከ ቅዳሜ ድረስ በየቀኑ እየሄደች ጫካውን አሰሰች። ምንም የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ኦስሞ ሳውናውን አቀጣጥሎ ጨርቁን ይዞ ሲገባ ሂልካ፣ ራሱ ከሚደርስበት ቀድሜ ልንገረው አለች።

"ኦስሞ፣ የአባትህ ቢላዋ ጠፍቶብኛል።"

"የት?"

"ጫካ።"

"ጫካ የት ጋ?"

"ጫካ ውስጥ።"

ኦስሞ ባዶውን አፎት አገላብጦ አየው። ፊቱ ሲጠቁር አይታ አንጀቷን በላት። ያንን ቢላዋ አባቱ በመጨረሻው ክረምቱ ሳሉ እያጣደፈው ቀጥቅጦ፣ "እንካ፣ ሥራበት" ብሎ ነው የሰጠው።

"ይዝጋል" አለ ኦስሞ ቀስ ብሎ። "ዛሬም ይዘንባል።"

"በድዬሃለሁ። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።"

"የታውኖን ብረት ፈላጊ ማሽን ልዋስና አብረን እንሂድ።"

"አብረን?" አለች ሂልካ። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የባንክ ሚስጥር ቁጥሩን ቢነግርህ ይነግርሃል እንጂ የእንጉዳይ ቦታውን አይነግርህም። ሂልካ ያንን ቦታ ከእናቷ ነው የወረሰችው። እናቷ ልትሞት ስትል ሰው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣ አድርጋ፣ "ለባልሽም ቢሆን እንዳትነግሪ። ባል ሌላ ይገኛል" ብላታለች።

ኦስሞ ጭንቀቷ ገባው። አልተቀየማትም።

"ዓይኔን ሸፍኚኝ" አለ።

ወፍራሙን የሳውና ቆቡን እስከ አፍንጫው አወረደችለት። በላዩ ሻርፕ ሸብ አድርጋ መኪና ውስጥ አስገባችው። ታውኖ አጥሩን ተደግፎ፣ ጎረቤቱ ዓይኑን ታስሮ፣ ያዋሰውን ማሽን እንደ ሕፃን አቅፎ ሲወሰድ አየ። ምንም አልጠየቀም፤ ጨዋ ሰው ነው። ሂልካ መንገዱ እንዳይገባው መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነዳች፣ በከብቶቹ በረት አለፈች፣ ዞራ እንደገና በበረቱ አለፈች።

"እነዚህን ላሞች ቅድም አሽትቻቸዋለሁ" አለ ኦስሞ።

"ሌሎች ናቸው።"

"እሺ።"

ጫካው አፋፍ ላይ መኪናውን አቁማ እጁን ይዛ መራችው። እሷ ዓይኗ መሬት መሬቱን ሲያይ ቦይ መኖሩን ልትነግረው ረሳች። ኦስሞ ግን እግሩን አንስቶ ቦዩን ዘለለው። ዕድሉ ነው አለች። ጥቂት ሄደው ዝቅ ያለች የጥድ ቅርንጫፍ ልትገጨው ስትል ጎንበስ ብሎ አለፈ። ይሄንንም ዕድል ነው አለች፤ ልቧ ግን አላመነም።

"ሂልካ" አለ ቆም ብሎ፣ "ቢላዋው ይቅርብኝ። እንመለስ።"

"ምን ነካህ? የአባትህ አይደል?"

"አባቴ ይቅር ባይ ነበር።"

"ቁም እዚህ። ቆቡን እንዳትነካ።"

ማሽኑን ነጥቃ ራሷ መሬቱ ላይ ታዞረው ጀመር። አንድ የዛፍ ጉቶ አጠገብ ሲደርስ ጮኸ። ተንበርክካ ቅጠሉን ጫረች። ብቅ ያለው ቀይ ፕላስቲክ ነው። ጎኑ ላይ ምድጃ ያቀለጠው ጠባሳ ሳይቀር አለ። ከበሩ ኋላ የጠፋችው የራሷ ቢላዋ ነች።

ዞር አለች። ኦስሞ የቆቡን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ እያጮለቀ ነበር። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ቆቡን ወደ ታች ሳበው።

"ኦስሞ።"

"ምንም አይታየኝም።"

"ቢላዋዬ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"ታዲያ የኔዎቹን ጭቃ ውስጥ ልዶል?" አለ ከቆቡ ስር። "ሁልጊዜ እኮ መልሼ እሰቅላት ነበር።"

"ቦታውን ማን ነገረህ?"

"አባቴ። ሊሞት ሲል። ለሚስትህ እንዳትነግር አለኝ።"

ሂልካ ጉቶው ላይ ዘፍ አለች። "እህቴ ላከችልን" እያለ የሚያመጣው እንጉዳይ ትዝ አላት። እየጠበሰች "የኔን ቦታ እንጉዳይ የት አባቱ ሊያክለው" ስትለው፣ እሱም "ልክ ነሽ" እያለ ሲበላ ኖሯል። ያለ ኃጢአቱ ሰላምታ የተነፈገው ታውኖም ትዝ አላት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። በገነች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣባት፤ ሳቋን እንዳያይባት ማሽኑን አንስታ አጠገቡ ወዳለ የበርች ዛፍ ዞረች።

ማሽኑ እንደገና ጮኸ። የአባቱ ቢላዋ እርጥብ ቅጠል ስር ተኝቷል። ስለቱ ላይ ዝገት ጣል ጣል ብሎበታል። አንስታ ሰጠችው፤ ቆቡንም ራሷ አወለቀችለት።

"ይቅር በለኝ" አለችው፣ አሁን ሳቅ የለም።

ኦስሞ ስለቱን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ በአውራ ጣቱ ሞከረው፣ ጎንበስ አለና አንድ ትልቅ ቢጫ እንጉዳይ ከሥሩ ቆረጠ። ቀጥሎ ሌላ።

"ይቆርጣል" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ሥራበት እኮ ነበር ያለኝ።"

"እና እስከ ዛሬ ምን ትጠብቃለህ?" አለችና ቅርጫቱን አቀበለችው።

ከሳውና በኋላ ታውኖ ማሽኑን ሊወስድ መጣ። ሂልካ ወንበር ስባ አስቀመጠችውና የእንጉዳይ ሾርባ እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችው። ሰውዬው ሰላምታም ሾርባም ባንድ ቀን ሲመጣበት ግራ እየተጋባ በላ። ኦስሞ በአባቱ ቢላዋ ዳቦ ቆረሰለት።

"ሾርባው ግሩም ነው" አለ ታውኖ አፉን ጠራርጎ። "እንጉዳዩን የት አገኛችሁት?"

"ጫካ ውስጥ" አሉ ባልና ሚስቱ እኩል።