የበራው ቦታ

በወንድሟ በዊበ ልደት ቀን ሲትስከ ሳሎኑን ገና ስትረግጥ ጎረቤቶች እየተነሡ እጇን ጨበጡ። «በወንድምሽ እንኳን ደስ አለሽ!» በኔዘርላንዷ ፍሪስላንድ ውስጥ ልደት የባለልደቱ ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ሁሉ አንድ በአንድ እንኳን ደስ አለህ ይባላል፣ ከዚያ ወንበር በክብ ተደርድሮ ኬክ ጭን ላይ ይዞ መቀመጥ ነው። ደስ የሚያሰኝ ነገር እስካለ ድረስ መልካም ወግ ነው።

ዊበ ከስቶ ሱሪውን የያዘለት ቀበቶው ብቻ ነው። የቆሽት ካንሰር ይዞታል። ሲትስከ ደግሞ ዕድሜዋን የፈጀችው መድኃኒቱን በዓይን በማይታዩ የስብ እንክብሎች ውስጥ ደብቃ፣ ሌላውን ገላ ሳይነካ ዕጢው ዘንድ ለማድረስ ነው። የሞከረችባቸው አይጦች ድነዋል። የአይጥ ዕጢ በጥድፊያ ስለሚያድግ ደም ሥሩ ወንፊት ነው፣ እንክብሉ ሰተት ብሎ ይገባል። የሰው እንዲህ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። እያወቀች ወንድሟን በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ውስጥ ግባ ብላ የለመነችው እሷው ናት።

«ዶክተሯ መጣች!» አለ ዊበ። «ነይ እስቲ፣ እህት ዓለም! ሐኪሙ የሚያናግረኝ ሰኞ ነው፣ ምስሉ ግን ጠዋት ስልኬ ላይ ገባ።»

እንክብሎቹ የደረሱበት እንዲታወቅ ምስል ላይ የሚያበራ ነገር ተጨምሮባቸዋል። በጥቁሩ ምስል መካከል አንድ ትልቅ ቦታ ቦግ ብሏል።

«አየሽ እንዴት እንደሚያበራ? አንቺ ደግሞ ‹ተስፋ አታብዛ› ስትዪኝ ከረምሽ። ከአይጥ አንሳለሁ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እንግዲህ በዚህ በጋ የጀልባ ጉዞ የለም» አለ ዊበ ቀጥሎ። «ሕክምናዬን እጨርሳለሁ። ኒንከን ለከርሞ እወስዳታለሁ ብያታለሁ።» ኒንከ ልጁ ናት፤ በጀልባ ወስደህ ደሴቶቹን አሳየኝ ስትለው ቆይታለች።

ሲትስከ ምስሉን ቀረብ ብላ አየችው። የበራው ጉበቱ ነው። ጉበት ባዕድ ነገር ከደም እየለቀመ ያስቀራል፣ የእሷንም ልፋት ለቅሞ አስቀርቶታል። ዝም ብል፣ ሰኞ ሐኪሙ ቢነግረው አለች በልቧ። ግን ሰኞም ሐኪሙ ሌላ ዙር እንሞክር ሊለው ይችላል፣ ዊበም እሺ ይላል፣ በጋውም ያልፋል። ለእሱ ደግሞ ከርሞ የሚባል ነገር የለም።

ዊበ ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምነው? ዕጢው የቱ ጋ ነው? በጣትሽ አሳዪኝ።»

ጣቷን ከብርሃኑ ዝቅ አድርጋ ጨለማው ላይ አሳረፈች። «የበራው ጉበትህ ነው፣ ዊበ።»

«እዚህስ ምንም አልደረሰም?»

«ምንም። ኒንከን አሁን ውሰዳት።»

ዊበ ስልኩን ኪሱ ከተተና ጭኑ ላይ ወዳለው ኬክ አጎነበሰ።

በሩ ተከፈተ። እናታቸው ነበሩ፤ ምንም አልሰሙም። ክቡን ዞረው ሁሉንም እየሳሙ ሲትስከ ጋ ደረሱ፣ ጉንጯን ሦስቴ ሳሟት።

«በወንድምሽ እንኳን ደስ አለሽ፣ የኔ ልጅ።»

ወጉ መልስ አለው፣ እናትየውም እጇን እንደያዙ ቆመው ይጠብቃሉ። ዊበ ቀና ብሎ አያት።

«በልጅዎ እንኳን ደስ አለዎት፣ እማዬ» አለች።