የደነዘዙት ጣቶች

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩ ቆዳ መቁረጡን ያወቀው በእጁ ሳይሆን በዓይኑ ነው። ነጩ አረፋ በድንገት ቀላ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የረጅም ጊዜ ጓደኛው፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ ፎጣውን አገጩ ላይ ጫን አድርጎ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ላጨኝ እንጂ እረደኝ አልኩህ?" ብሎ ሳቀ። አስተካካዩ ግን መሳቅ አቃተው። ጣቶቹ ጓንት ያጠለቁ ይመስል ከደነዘዙ ሰነባብተዋል።

ለማንም አልተነፈሰም። ታላቅ ወንድሙን ስኳር የወሰደው እንዲሁ በመደንዘዝ ጀምሮ ነበር፤ ቀጥሎ እግሩ ቆሰለ፣ ከዚያ ተቆረጠ፣ ከዚያም አፈር ገባ። እሱም ስኳር ካለበት ብዙ ዓመት ሆኖታል። ክኒኑን አንድም ቀን አጓድሎ አያውቅም። "እንግዲህ የኔም ተራ ደረሰ" አለና ነገሩን በሆዱ ያዘው።

እያደር ግን ግድግዳ ሳይደገፍ ደረጃ መውረድ ተሳነው። ፊቱ ገረጣ። የደንበኞቹ ስም ይጠፋበት ጀመር። ቀልድ የማያልቅበት የነበረው ሰው በሆነ ባልሆነው ይቆጣል። ከጎን ያለው ባለሱቅ ሲንገዳገድ አይቶት "መጠጥ ጀምሯል" ብሎ አስወራ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሴት ልጁ ጆሮ ገባ።

ልጁ አባቷ ሱቁን ሲዘጋ ጠብቃ ፊቱ ቆመች። "አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ትጠጣለህ?"

"እኔ? ከመቼ ወዲህ!" ብሎ ሊሄድ ሲል ተደናቅፎ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ጎንበስ ብላ ጫማውን አወለቀችለት። ካልሲው በደም ርሷል። ከጫማው ውስጥ ሹል ጠጠር ወደቀ።

"ይሄን ሁሉ ስትረግጥ አልተሰማህም?"

"አልተሰማኝም፣ ልጄ።" ከዚያ በኋላ እንባውን መያዝ አቃተው። "እግሬን ሊቆርጡኝ ነው። እንደ ወንድሜ።"

በማግስቱ እየደገፈች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ቁስሉን አጥባ አሸገችለት፤ ዓይኑን አስጨፍና ጣቶቹን በጥጥ ነካካች። ቀጥላም የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ልጁ የላስቲክ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች፦ የስኳሩ ክኒን፣ የጨጓራው እንክብል። ሁለቱንም ለዓመታት ውጧቸዋል። ሐኪሟ ደም አስቀዳችው።

ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

"አባት፣ የስኳሩ ክኒን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ቫይታሚን ቢ 12 የሚባለውን ከምግብ በደንብ እንዳያገኝ ሊያደርግ ይችላል። የጨጓራውም ያባብሰዋል። የእርስዎ እጅግ ወርዷል። ነርቭዎን የጎዳው የእሱ ማነስ ሳይሆን አይቀርም፤ ስኳሩም ድርሻ ይኖረው ይሆናል።"

"ያድነኛል ብዬ የዋጥኩት ነው የጎዳኝ? ከዛሬ ጀምሮ አልነካውም!"

"እንዳያደርጉት! ስኳርዎን ይዞልዎታል እኮ። የጎደለውን በመርፌ እንተካለን። የጨጓራው ዛሬም ያስፈልግዎት እንደሆነ ደግሞ እናያለን።"

"እግሬስ?"

"ለመቆረጥ የሚያደርስ ነገር አላየሁም። ስሜቱ ግን… ቀደም ብለው ቢመጡ ጥሩ ነበር። ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም።"

መርፌው ተጀመረ። ወራት ሲያልፉ ፊቱ ወዝ አገኘ፤ የጠፉበት ስሞች ተመለሱለት፤ ደረጃውን ብቻውን ይወርድ ጀመር። የጣቶቹ ጫፍ ግን እንደደነዘዘ ቀረ። መቀሱን አልተወም፤ ምላጭ ግን ዳግመኛ አልያዘም። ጢም ለመላጨት የሚመጣውን ሁሉ ወደ ሌላ ሱቅ ይሸኘዋል፤ በሸኘ ቁጥርም ፊቱን ወደ መስተዋቱ ያዞራል።

አንድ ቀን ከመርፌ ሲመለሱ ልጁ መንገድ ለማሻገር እጁን ያዘችው።

"ፈርቼ ዝም ባልል ኖሮ…" አለ።

"ተው አባዬ።"

የእጇ ሙቀት መዳፉ ላይ ይሰማዋል፤ ጣቶቹ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። አጥብቆ ያዛትና ተሻገሩ።