የሐሙስ ቦምቦሊኖ

«ድንኳኑ ሳይነቀል ነገሩን እንጨርሰው» አለ ዘገዬ፣ የፕላስቲክ ወንበሩን ጎትቶ እሸቴ ጆሮ ሥር ተጠግቶ። «ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ ልጆቹን መሀል እናቆምና በየሺዓለም አጽም እንለምናቸዋለን። በእናቷ አጽም ተለምና እምቢ የምትል ልጅ የለችም።»

እሸቴ ጉንጩን በእጁ እንደደገፈ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ የሺዓለም ካረፈች ወዲህ ደስ የሚል ነገር ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ ስላለውም አፈረ። ዘገዬ የዕድሩ ዳኛ ነው። ድምፁ ጎርናና፣ ቃሉም የማይታጠፍ ነውና ያለው አይቀርም። ወዲያ ማዶ የእሸቴ ልጅ የምኞት ባል ሚናስ እጅጌውን ሰብስቦ ንፍሮ ያዞራል። አማቱ ከተቀበረች ጀምሮ ወንበር ሲሸከም፣ ለቅሶ ደራሽ ሲቀበል እንጂ ቁጭ ሲል ያየው የለም። ምኞት ከሴቶቹ ጋር እቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ናት። አልፎ አልፎ ሻይ ይዛ ስትወጣ በራፉ ላይ ከሚናስ ጋር ይገናኛሉ፤ ባንክ ቤት በር ላይ እንደተገጣጠሙ ሰዎች አንዱ ለአንዱ መንገድ ይለቃል። ድንኳን ሙሉ ሰው ይህን አይቶ እንዳላየ ሆኖ ካርታውን ይጫወታል።

ምኞት አንድ ሻንጣና አንድ የአበባ ማሰሮ ይዛ ወላጆቿ ቤት የገባችው ክረምቱ መግቢያ ላይ ነበር። ለምን እንደመጣች አልተናገረችም። አባቷ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት የሺ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። እንግዲህ ሰፈሩ የራሱን ምክንያት አዘጋጀ፤ አንዱ መሀንነት ነው አለ፣ ሌላው ሴት ይዞባት ነው አለ፣ ሌላው ደግሞ የምኞት ምላስ ነው አለ። ቤተሰቡ ግን ዝም።

ሰፈሩን ያስገረመው የምኞት መምጣት ሳይሆን የእናቷ ዝምታ ነው። የሺዓለም ማለት እኮ ከጊዮርጊስ በታች ያለውን ሕዝብ ግማሹን ያስታረቀች ሴት ናት። ባልና ሚስት፣ አማትና ምራት፣ አከራይና ተከራይ፣ ሁሉም ሶፋዋ ላይ ተቀምጠው አልቅሰዋል። የሶፋው ስፖንጅ የረገበው በእንባ ነው ይል ነበር እሸቴ። ሽምግልና የወንድ ነው የሚሉ ነበሩ፤ የራሳቸው ቤት ሲናጋ ግን የሚያንኳኩት የእሷን በር ነው። መጀመሪያ አንዱን ለብቻው ትሰማለች፣ ቀጥላ ሌላውን። አብረው ሲቀመጡ ደግሞ የራስህን በደል ተወውና እሷ ምን ከፋኝ እንዳለችህ ንገረኝ ትለዋለች። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል።

እሸቴ ፒያሳ ወርቅ ቤት ዕድሜውን የጨረሰ አንጥረኛ ነው። ጓዳ ሆኖ ቀለበት እየወለወለ ጠቡን ሁሉ ይሰማና በልቡ ይፈርዳል። እንግዶቹ ሲሄዱ ፍርዱን ሲነግራት የሺ ትስቅበታለች። «አንተማ ሽማግሌ አትሆንም፤ ሁልጊዜ የምታዝነው መጨረሻ ላይ ለተናገረው ነው» ትለዋለች። እውነቷን ነበር።

ይህችው ሴት የገዛ ልጇን ጠብ አልነካም አለች። ጎረቤት «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብሎ አማት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ለእሷ ሳይደርስ ለእሸቴ ደረሰው፤ ቆሽቱ አረረና አንድ ቀን ጮኸባት። ለአላፊ አግዳሚው ስትሮጪ ኖረሽ ለአንድ ልጅሽ ጊዜ አጣሽ ወይ አላት። የሺ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ሐሙስ ነበር። አመሻሹ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ቦምቦሊኖ ይዛ መጣችና ፊቱ አስቀመጠችለት፤ ትይዩ ተቀምጣም ሲበላ አየችው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እንዲሁ ሆነ። የት ነበርሽ ሲላት፣ ስኳሩን ከጢሙ ላይ እያራገፈችለት፣ ሰው ላስታርቅ ትለዋለች። ቦምቦሊኖውን ይበላል፤ ቂሙን ግን አልተወም ነበር። ቂሙ ሆዱ ውስጥ እንደተቀመጠ የሺ አንድ ማለዳ ሳትነቃ ቀረች።

ዘገዬ ተነስቶ ከሄደ በኋላ፣ ማንም የማያውቃት ሴት ወደ ድንኳኑ ገባች። ጥቁር ኮት ለብሳለች፤ አጭር ጸጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። በሩ አጠገብ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እሸቴ ከሰፈሩ ተነስተው ሩቅ ኮንዶሚኒየም ከገቡት አንዷ መሰለችው፤ በእነዚህ ቀናት አውቶቡስ ቀያይረው መጥተው የሚያለቅሱ ብዙ ናቸው። ስትነሳ፣ ሐዘንተኛ እንግዳ እንደማይሸኝ እያወቀ፣ እግሬ ደነዘዘ ብሎ ተከትሏት ወጣ።

ሉዋም እባላለሁ አለችው። ሥራዋ ማስታረቅ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ቢሮ አላት፤ እየተከፈላት ሰው ታስታርቃለች። እሸቴ ለዕርቅ የሚከፈለው ሰው አይቶ ስለማያውቅ ዓይኑ ፈጠጠ። የሺዓለምም መጀመሪያ ስትመጣ እንደዚሁ ነበር ያየችኝ አለችው ፈገግ ብላ።

«ዋጋ አልጠየቀችኝም» አለች ሉዋም። «ሰው ፊትሽ ሲያለቅስ ለማን ነው የምታዳዪው አለችኝ። ለማንም አልፈርድም፣ ሁለቱንም ነው የምሰማው አልኳት። ‹እኔ ግን ለልጄ አዳላለሁ› አለችኝ። ‹ልጄ ብታጠፋ እንኳን ጥፋቱን ለባሏ ነው የምሰጠው፤ ይህ ደግሞ ለሱ አይገባም። ለዚህ ነው የመጣሁብሽ።›»

እሸቴ የአጥሩን ግንብ ተደገፈ።

ሉዋም ምን እንደሚጠብቃቸው ያን ዕለት ለየሺ አስረድታታለች። ሁለቱ ፈቅደው ካልመጡ አትጀምርም። ለየብቻ ትሰማቸዋለች፣ ከዚያ አብረው ይቀመጣሉ። እዚያ የተባለው ከዚያ ክፍል አይወጣም፣ ለእናትም ቢሆን። እሷ አትፈርድም፣ አታዝዝም፤ ጊዜም ይፈጃል። ሲያልቅም በዕርቅ ላያልቅ ይችላል። ተመልሰው አብረው የሚኖሩ አሉ፤ ሳይጠላሉ የሚለያዩም አሉ። የሺ ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ ብዙ ቆይታ ነው ይሁን ያለችው። ልጆቹ ከፈቀዱ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ አብራቸው እየሄደች ደረጃው ሥር አግዳሚ ላይ ትጠብቃቸዋለች። ሲወርዱ ምን አላችሁ ብላቸው አታውቅም። ከጎን ካለው ኬክ ቤት ቦምቦሊኖ ገዝታ ለየአንዳንዳቸው ትሰጣለች። ሦስተኛውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች።

እሸቴ ሦስተኛው የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። በአንድ ጊዜ ናፈቀችው፣ ተናደደባት፣ ይቅርታ ሊላትም ፈለገ።

«ይታረቃሉ?» አላት።

«አላውቅም ጋሼ። ባውቅም አልነግርዎትም» አለች ሉዋም እጁን ይዛ። «የፊታችን ሐሙስ ቀጠሮ አላቸው። ከመጡ ቦታው አለ።»

በማግስቱ ሰው ሁሉ ከጊዮርጊስ ተመልሶ ተቀመጠ። ዘገዬ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ምኞትንም ከቤት አስጠራት። ምኞት አንገቷን ደፍታ መሀል ቆመች። ሚናስ የንፍሮውን ሰሃን እንደያዘ ተጠርቶ የት እንደሚያኖረው ጠፋው።

እሸቴ አያቸው። እሺ እንደሚሉ ያውቃል። ዛሬ ይሳሳማሉ፣ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ልጁ ሻንጣዋንና ማሰሮዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በዚህ ዓለም የቀረው ምኞት ይህ ብቻ ነው። ነገር ግን የሺ ወጣት ሳለች የሆነ ነገር ትዝ አለው። በአንድ ለቅሶ ላይ ሁለት ወንድማማቾችን በአባታቸው አጽም ለምና አሳስማቸው ነበር፤ ለአርባው ተደባድበው ፖሊስ ጣቢያ አደሩ። ያን ጊዜ የሺ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመስ ብላ ነበር። በለቅሶ ድንኳን የታረቀ፣ ድንኳኑ ሲነቀል አብሮ ይነቀላል ማለት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዘገዬ «በእናትሽ አጽም…» ብሎ ሲጀምር እሸቴ ተነሳ። ሰው ሲታረቅ ቃል ተንፍሶ የማያውቅ ሰው ነውና ካርታ ይዞ የነበረው ሁሉ ካርታውን አስቀመጠ።

«ዘገዬ፣ በአጽሟ አትለምናቸው» አለ። «እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ምን ይረባል? እንዲታረቁ ከሁላችሁም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ግን እሷ ያስጀመረቻቸው ነገር አለ። በራሳቸው ጊዜ ይጨርሱት። ባይሆንም…» አለና ሁለቱን አያቸው። «ባይሆንም ሁለቱም ልጆቼ ናቸው።»

የዘገዬ ፊት ጠቆረ፤ ደግ ሊሠራ ተነስቶ በሰው ፊት ቁጭ በል የተባለ ሰው ነው። ዕድሜ ልክ በር ለበር የኖረው አብዱልሙሀይሚን ግን ከተቀመጠበት ሳይነሳ ነገሩን ቋጨው። «ባለቤቱ ተናግሯል ዘገዬ። ይልቅ ለሟቿም ለልጆቹም ጸልይልን፣ እኛም ዱዓ እናደርጋለን» አለ። ዘገዬም እያጉረመረመ ጸለየ። ሚናስ ሰሃኑን መሬት አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ምኞት አባቷን ብዙ አየችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ሰሃኑን አነሳችለት።

ሐሙስ ከሰዓት እሸቴ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ወረደ። ማንም አልጠራውም፤ ልጁንም ትሄጃለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። አግዳሚዋን አገኛት። አንድ እግሯ አጭር ነው፤ ሰው ሲቀመጥባት ትወዛወዛለች። የሺ እዚህ ላይ ያን ሁሉ ሐሙስ ምን እያሰበች እንደጠበቀች ሊገምት ሞክሮ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ምኞት በታክሲ ተራው በኩል መጣች፣ ሚናስ በሌላው። ሁለቱም እሱን ሲያዩ ቆሙ። ከዚያ ደረጃውን ወጡ። እሸቴ ጠበቀ። አሁን ወረዱ ሲል ሌላ ሰው እየሆነበት፣ የሚያልፈውን መኪና እያየ፣ ኮቱን እየቆለፈና እየፈታ ጠበቀ። በመጨረሻ ተነስቶ ኬክ ቤት ገባ። ስንት ስትለው አስተናጋጇ ሳያስበው ሦስት አለ።

ሲወርዱ የምኞት ዓይን ቀልቷል። ሚናስ ጥቂት ደረጃ ከኋላዋ ቆመ። እሸቴ አፍ ላይ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነበረ፤ ዋጠው። ወረቀቱን ፈታና ለየአንዳንዳቸው ሰጠ።

ምኞት ቦምቦሊኖውን ይዛ ስታየው ቆየችና ከጎኑ ተቀመጠች። ሚናስም በወዲያኛው ጎኑ ተቀመጠ፤ አግዳሚዋ ተወዛውዛ ረጋች። ልጆቹ በሉ።

«እርስዎስ አባባ?» አለ ሚናስ።

እሸቴ የራሱን በወረቀቱ መልሶ ጠቀለለ። ስኳሩ እንዳይራገፍ ቀስ አድርጎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«የኔ እቤት ነው የሚበላው» አለ።