ፋውዛን ተኝቷል

ወንድሜ ኢዝዋን በታሪክ ወደቀ። በሒሳብ ቢሆን ባልገረመኝ። በታሪክ፣ ያውም በገዛ አገራችን ታሪክ! እኛ አገር ደግሞ በታሪክ የወደቀ ተማሪ ሌላውን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት አያገኝም። ውጤቱን ከእጁ ነጥቄ አነበብኩት፤ የሌላ ልጅ ሰጥተውት እንዳይሆን ብዬ ስሙንም አየሁ። የእሱ ነው። የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ዘጭ አልኩ። ዩኒቨርሲቲው፣ መሐንዲስነቱ፣ ለእሱ ያሰብኩት ነገር ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ አለቀ።

ጉዱ ግን በዚህ አላበቃም። ርእሰ መምህሯ በድምፅ ማጉያው ዘጠኝ ኤ ያመጣውን ብቸኛ ተማሪ ስም ስትጠራ፣ የወላጆቹ ጫጫታ ቀጥ አለ።

«ፋውዛን ሻምሱሪ!»

ፋውዛን! የጎረቤታችን ልጅ! ከኢዝዋን ጋር በአንድ ሞተር ሳይክል ተፈናጦ ሰፈሩን ሲያናውጥ የኖረው፣ ከሰዓት በኋላ የት ነው ሲባል ሁልጊዜ «ተኝቷል» የሚባልለት እንቅልፋም! ወደ ኢዝዋን ዞር ስል ደግሞ ያጨበጭባል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ መዳፉ እስኪቀላ ያጨበጭባል።

«አንተ ጤና የለህም? ምን ያስጨበጭብሃል?»

«ካክ፣ ጓደኛዬ እኮ ነው» አለኝ። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ካክ ነው የሚለኝ።

ቤት እስክንደርስ አላነጋገርኩትም። በር ላይ ጣል አድርጌው በቀጥታ ማክ ቺክ ብለን እንደ አክስት ወደምንጠራት ወደ ፋውዛን እናት ወደ ሮዚታ ቤት ገባሁ። ንዴቴ ጭንቅላቴ ላይ ወጥቷል። እሷ ምን ታድርግ፣ ለደስታው ዶሮ እያገላበጠች ነው።

«ማክ ቺክ፣ ልጅሽ ተኝቶ ነው ዘጠኝ ኤ የለቀመው?»

ሮዚታ መስኮቱን ዘጋችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ቀስ በይ፣ ልጄ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአያቱ የዱሪያን ፍሬ እርሻ ውስጥ ባለችው ጎጆ ሲያነብ ነው የከረመው። ተኝቷል በሉ ያልኩት እኔ ነኝ። የሰው ዓይን አታውቂም? እህቱን ጎበዝ፣ ጎበዝ እያሉ አይደል በፈተናዋ ሳምንት ትኩሳት የጣላት! ደግሞ ልጆቹ መጽሐፍ ይዞ ካዩት ‹ፕሮፌሰር መጣ!› እያሉ መሳቂያ ነው የሚያደርጉት።»

«የእኛስ ልጅ? ሳይነበብ የሚታለፍ መስሎት እሱም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ! በልጅሽ እንቅልፍ ወንድሜን ገደልሽው!»

ሮዚታ የያዘችውን ጭልፋ ረሳችው፤ ዘይቱ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ኢዝዋን አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

«እሱ እኮ ነው በሩን ሲጠብቅለት የነበረው። ሞተሩን ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ገትሮ፣ የመጣውን ሁሉ ‹ፋውዛን ተኝቷል› እያለ የሚመልሰው ማን ነበር? ዝናብ ሲመታው እንኳ ንቅንቅ አይልም ነበር። እኔማ አንቺም የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

ያዘጋጀሁትን ስድብ እንደያዝኩ ወጣሁ። ኢዝዋን ማወቁን ሳስበው ይበልጥ ደነገጥኩ። አለማወቅ እኮ ይቅር ይባላል፤ መጽሐፉ አጠገብ ሁለት ዓመት ቆሞ እንዴት አንድ ገጽ አይገልጥም?

ወደ ቤት ስመለስ ኢዝዋን አንገቱን ደፍቶ ገበታው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አባባ ምሳውን ይበላል፣ ይናገራልም። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ አንድ ቀን እንኳ የማያረፍድ ሰው ነው፤ ስለ ስንፍና ሲናገር ግን ስንፍናን የፈለሰፍነው እኛ ማሌዎች እንመስላለን።

«ምን ያስደንቅሻል?» አለኝ ሩዙን በጣቱ እየጠቀለለ። «የእኛ ዘር ለሞተርና ለወሬ እንጂ ለመጽሐፍ አልተፈጠረም። ያንን ቻይናዊ ባለሱቅ አህ ሴንግን እዪ፣ ልጆቹን እዪ። ከእኛ ልጅ ምን ትጠብቂያለሽ?»

የአህ ሴንግ የመጨረሻ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ስልክ እንደሚጠግን አባባ ጠፍቶት አይደለም። እሱን አይቆጥረውም።

«ፋውዛን ዘጠኝ ኤ አመጣ» አልኩት።

«ፋውዛን? ያ እንቅልፋም?» ሳቀ። «አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው። ተአምር ነው።»

«ተአምር አይደለም። ሁለት ዓመት ተደብቆ አጥንቶ ነው። ይኸው ልጅህ ነው በሩን ሲጠብቅለት የኖረው።»

የአባባ እጅ አፉ ሳይደርስ ቆመ። ኢዝዋንን አየው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና ኢዝዋንን አየው።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያ አላህ! ታዲያ አብረኸው አትገባም ነበር? ውጭ ምን ያስገትርሃል?»

«ና ግባ እያለ ይለምነኝ ነበር።»

«እና?»

ኢዝዋን ቀና አለ። ቢቆጣ፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ለጠፋው ሰው እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ፋውዛን በእናቱ በኩል አያቱ መምህር ነበሩ። ወደ እሳቸው ወጥቶ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ግን የአንተ ልጅ ነኝ። እኛ አይሆንልንም ትል የለ? የማይሆንልኝን ነገር ልሞክር ብዬ እሱን ከማዘናጋው፣ ከሰፈራችን አንድ ሰው እንኳ ይለፍ ብዬ በሩን ያዝኩለት።»

የወንድሜን ፊት እያየሁ፣ ያን ንግግር ከልጅነቱ ጀምሮ ስንቴ እንደሰማው አሰብኩ፤ ሲወድቅ፣ ሲያልፍ፣ ሩዝ ሲበላ፣ ሞተር ሲማር። እኔም ስሰማው አድጌያለሁ፤ እኔ እልኸኛ ስለሆንኩ እልህ ውስጥ ከተተኝ። እሱ ግን አባቱን አማኝ ነው።

አባባ የያዛትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሳት። አባባ ጉርሻ ሲመልስ አይቼው አላውቅም።

«ልጄ» አለ፣ «ያ እኮ ቀልድ ነው። ሻይ ቤት ሁሉም ሰው ይለዋል። እንላለን፣ ስቀን እንለያያለን። ቀልድ ነው እኮ።»



«ቤት ውስጥ ስትለው ግን አትስቅም ነበር፣ አባባ» አለው ኢዝዋን።